ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ተራራ መውጣት፦ የደሴና የኮምቦልቻ ተጓዦች ደጋግመው የሚጠይቁን

ቅዳሜ ማታ ስልኬ ዕረፍት የለውም። «ነገ ጦሳ ነን፤ ባንዲራውን ማን ይዟል?» «ዘንጉ ስንት ሜትር ይሁን?» «ዓርማ የሌለውን ይዘን ብንወጣ ችግር አለው?» ጥያቄው ሁሌም ያው ነው። እኔም በየጊዜው ቆራርጬ ከምመልስ ብዬ እዚህ አንድ ላይ አስቀመጥኩት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሲወጣ ሁሉም «እኔ ልያዘው» ይላል። ጫፍ ላይ ፎቶ ውስጥ ለመግባት ግፊያ ነው። ሲወረድ ግን ሰንደቁ ማን ጋ እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ታክሲ እንዳያመልጠው ይቸኩላል። እኔ የአንድን ቡድን አክብሮት የምለካው በዚያች ሰዓት ነው። ከታች ያሉት ብዙዎቹ መልሶችም ወደዚያው ያዘነብላሉ።

«ባንዲራ» ልበል ወይስ «ሰንደቅ ዓላማ»?

ሁለቱንም ሰው ይረዳዋል። «ባንዲራ» ከጣልያንኛ የገባ ቃል ነው። ለዚህ ሲሉ ቃሉን የማይወዱ ሰዎች አሉ፣ በተለይ ትልልቆቹ። ደሴ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገባኛል። የጣልያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ይችን ከተማ ደብድበዋል፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታሉ እንኳ አልተረፈም። እኔ በጽሑፍ «ሰንደቅ ዓላማ» እላለሁ። አፌ ላይ ግን «ባንዲራ» ያመልጠኛል።

«ሰንደቅ» ዘንጉ ነው፣ «ዓላማ» ምልክቱ ነው። ስለዚህ ተራራ ላይ የሚወጣው ጨርቁ ብቻ አይደለም። ዘንጉም እኩል ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ ሰው የሚረሳውም እሱን ነው።

የትኛውን ነው የምንይዘው?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ አስቀምጦታል። ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሐል ቢጫ፣ ከታች ቀይ፣ መሐሉ ላይ ብሔራዊ ዓርማ። ሦስቱ ቀለማት አግድም ሆነው እኩል ስፋት አላቸው። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 654/2001 እና እሱን ባሻሻለው በአዋጅ ቁጥር 863/2006 ይገኛል። ወርዱ 1 ከሆነ ርዝመቱ 2 ነው። ስትገዙ ይህንን አስተውሉ። ገበያ ላይ አጠር ብለው የተሰፉ፣ ዓርማቸው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ብዙ አሉ። ግማሽ አጥፋችሁ ስታዩት እጥፉ ልክ በዓርማው መሐል ካላለፈ ሌላ አሳዩኝ በሉ።

ዓርማ ስለሌለው አዘውትሬ እጠየቃለሁ። ብዙ ሰው የሚይዘው በፍቅር ነው። አያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ያየው፣ በጥምቀት በየመንገዱ ተዘርግቶ የሚያውቀው ቀለም ነው። ያንን ፍቅር አልነቅፍም። ሕጉ ግን ዓርማ የሌለውን መጠቀም ይከለክላል። ቡድን ይዛችሁ ስትወጡ ደግሞ ኬላ ላይ የአንድ ሰው ሰንደቅ ሃያ ሰው ሊያስቆም ይችላል። እኛ ጋ ሁሌም ባለ ዓርማውን ነው የምንይዘው፤ በዚህ ላይ ጠዋት መነሻ ላይ ቆመን አንከራከርም።

የክልል ሰንደቅ ዓላማ፣ የእግር ኳስ ክለብ ወይም የድርጅት ባነር አብሮ ይወጣል?

የክልሉ ከሆነ ይወጣል። የፌዴራሉ የክብር ቦታ አለው። ሁለት ከሆኑ የአገሪቱ ከቀኝ፣ ሦስት ከሆኑ ከመሐል። ሌላኛው ከእሱ አይበልጥም፣ ከፍ ብሎም አይያዝም። የውጭ አገር እንግዳ የራሱን ይዞ ቢመጣ እኩል መጠን፣ እኩል ከፍታ።

ባነር ሌላ ጉዳይ ነው። ከፈለጋችሁ ለየብቻ ፎቶ ተነሱበት። ከሰንደቅ ዓላማው ጋር በአንድ ዘንግ አትሰሩት። ማስታወቂያ ከሱ ሥር እንዲንጠለጠል አልፈልግም።

መጠኑና ጨርቁ ምን ይሁን?

ለአንድ ሰው 45 በ90 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቡድን ከሆናችሁ 60 በ120። ከዚያ በላይ የሆነው ጦሳ ጫፍ ላይ ንፋስ ሲያገኘው ሰው ይጎትታል። እውነቴን ነው፤ አንድ ቀጭን ልጅ ሁለት እርምጃ ሲጎትተው አይቻለሁ፣ ከኋላው ደግሞ ገደል ነበር።

ቀላል ፖሊስተር ወይም ናይለን ይሻላል። ጥጥ ያምራል፣ ግን ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ስፌቱን እዩ። ቶሎ የሚተለተለው ከዘንጉ ራቅ ያለው፣ ነፃው ጫፍ ነው። እዚያ ጠርዝ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የተሰፋ ይሁን። ካልተሰፋ ለልብስ ሰፊ ሰጥታችሁ አስደግሙት፤ ሥራው የአሥር ደቂቃ ነው፣ ዕድሜውን ግን በእጥፍ ይጨምርለታል።

ዘንጉስ?

ቀርከሃ። ቀላል ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ቶሎ አይሰበርም። ርዝመቱ ከሰው ቁመት ትንሽ ቢበልጥ በቂ ነው። የወሎ ሰው መቼም ያለ ዱላ መንገድ አይወጣም፤ ዱላው ላይ ማሰርም ይቻላል። ግን እየተመረኮዙበት አይደለም። በየእርምጃው ጨርቁ ጭቃ ይልሳል። መመርኮዣ ሌላ፣ ሰንደቅ ሌላ።

የብረት ቱቦ አትያዙ። ምክንያቱን ስለ መብረቅ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ማሰሪያው ሲባጎ ይሁን። ላይና ታች ሁለት ቦታ ጠበቅ ይደረግ። ፕላስተር ከሆነ ሙጫው ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ሲላጥም ጠርዙን ይዞ ይወጣል።

ከቤት ጀምሮ እያውለበለብን ብንሄድ?

ከተማ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ጫፍ ላይ ተዘርግቶ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ምክንያት አለኝ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የምትመጡ ሐረጎን ታውቁታላችሁ። ጥምዝምዙን እየዞረ ሽቅብ የሚወጣ መንገድ ነው፣ የጭነት መኪና የማይጠፋበት። በሚኒባስ መስኮት ወይም በባጃጅ ላይ ሰንደቅ አውጥታችሁ ስትሄዱ ከኋላ ያለው ሾፌር ዕይታው ይጋረዳል። ጨርቁም የከባድ መኪና ጭስ ጠጥቶ ይደርሳል። ጫፍ ላይ ስትዘረጉት ቢጫው ግራጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ጫካ ውስጥ ደግሞ እሾህ አለ። ቀጋና አጋም አንዴ ከያዙ አይለቁም። ስትጎትቱት ይቀደዳል። ከያዘባችሁ ቁሙ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ በእጃችሁ አንድ በአንድ አላቁት። ቁልቁለትና ቋጥኝ ላይ ሁለት እጅ ነፃ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ያኔም ሻንጣ ውስጥ ነው ቦታው። ንጹሕ ፌስታል ውስጥ አድርጉት፣ ከውሃና ከምግቡ በላይ። አንዴ የተፈጨ ቲማቲም የነካውን ሰንደቅ ሦስት ጊዜ አጥበን ነው የለቀቀው።

የት የት ይዞ መውጣት ይቻላል?

ደሴ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው ጦሳ ነው። ከተማዋን ከምዕራብ ደግፎ የቆመ ተራራ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከፊት ለፊት ስለምትመታው ሰንደቅ ዓላማው ከሥር ካለችው ከተማ ጋር በደንብ ይታያል። አዝዋ ገደልም አለ፤ እዚያ ግን ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ጠርዙ ላይ አትቁሙ። ኮምቦልቻ ላይ የጎፍ ነው። ጥድና ወይራ ያለበት የተጠበቀ ደን ነው፤ እዚያ ዛፍ ላይ ምንም አይታሰርም።

ራቅ ማለት ለሚፈልግ ሁለት ቦታ አለኝ። አንዱ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ አምባሰል ውስጥ ያለው ይስማ ንጉሥ ነው። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው እዚያ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩ እየከረረ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ተቋጨ። የወሎን ፈረሰኛ ይዘው የዘመቱት ራስ ሚካኤል ነበሩ። ሌላው መቅደላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 የሞቱበት አምባ። መድፋቸው ሴባስቶፖል አሁንም እዚያው አለ። መቅደላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ስትዘረጉ ጩኸቱን ቀንሱ። ለምን እንደምል ስትደርሱ ይገባችኋል።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ለሰንደቁ ሳይሆን ለጉዞው። ስትሰባሰቡ ለቀበሌው ወይም በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ጣቢያ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ በየት እንደምትወጡ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ። የጸጥታውን ሁኔታ የአካባቢው ሰው ከእናንተ በላይ ያውቃል። «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሏችሁ ይቅር። ተራራው የትም አይሄድም።

አንዳንድ ጫፍ ላይ የቴሌ ወይም የቴሌቪዥን ማማ አለ። ማማው ላይ ሰንደቅ ማሰር አይቻልም፣ ጥበቃውን ሳያናግሩም ካሜራ ማውጣት አይገባም። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሳም።

ጫፉ ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ካለስ?

ወሎ ነውና ይህ የማይቀር ነው። ከፍ ያለ ቦታ ሁሉ ወይ ደብር ነው ወይ የሼሆች መቃብር ነው። ግቢው ውስጥ አትትከሉ። መጀመሪያ ቄሱን፣ ሼሁን ወይም ጥበቃውን ሰላም በሉ። «አባቴ፣ ከዚያ ማዶ ትንሽ ቆመን ፎቶ ብንነሳ ይፈቀድልናል?» ማለት ይበቃል። እስካሁን እምቢ ያለን የለም። እንዲያውም ቡና ተፈልቶልን ያውቃል። አዛን እያለ ወይም ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ተቀመጡና ጠብቁ።

ጫፍ ላይ እንዴት እንትከለው?

አትትከሉት፤ ያዙት። በእጅ የተያዘ ሰንደቅ ዓላማ አይወድቅም፣ ንፋስ ሲለውጥም አብራችሁት ትዞራላችሁ። አንዱ ሲደክመው ለሌላው በሁለት እጁ ያቀብላል።

የግድ መቆም ካለበት የተበተነ ድንጋይ ሰብስባችሁ ካብ ሥሩለት፣ ስትወርዱ ካቡን አፍርሱት። መሬት አትቆፍሩ። ደጋ ላይ ያለው ሣርና ጓሳ ሥሩ አንዴ ከተነቀለ አፈሩን ክረምት ይወስደዋል። ጅባራ ላይም አታስደግፉ። ያ ተክል እዚያ ቁመት ላይ የደረሰው ስንትና ስንት ውርጭ ችሎ ነው።

ብዙ ሰው «ጀግኖቹ ተክለው የለ እንዴ?» ይለኛል። ኤቨረስት ጫፍ ላይ መጀመሪያ ከደረሱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ቴንዚንግ ኖርጌይ በ1945 ፎቶው ላይ የሚታየው የበረዶ መጥረቢያው ላይ ያሰራቸውን ሰንደቆች ከፍ አድርጎ ይዞ ነው። አራት ነበሩ፤ የተባበሩት መንግሥታት፣ የእንግሊዝ፣ የኔፓልና የሕንድ። ስለ አፍሪካ ካነሳን ደግሞ ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር) ነፃ በወጣችበት ኅዳር 30 ቀን 1954 መቶ አለቃ አሌክሳንደር ንይሬንዳ የአዲሲቱን አገር ሰንደቅና ችቦ ኪሊማንጃሮ ላይ አድርሷል። 5,895 ሜትር ላይ ማለት ነው። ጫፉም «ኡሁሩ»፣ ነፃነት፣ ተባለ። ያ ግን የአገር መወለድ ነው። የእኛ የእሑድ ጉዞ ነው።

እዚያው ትተነው ብንወርድስ? ለሚቀጥለው ሰው ይታያል።

በፍጹም። ከልመና ጋር ነው የምለው። ብቻውን የቀረ ሰንደቅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይተለተላል። በወሩ ቀለሙ ይነጣል። ከዚያ ክር ክር ብሎ ዘንጉ ላይ ይንጠለጠላል፣ በግ ያኝከዋል፣ ዝናብ ያወርደዋል። እንዲህ ሆኖ ያገኘሁትን አንዱን ከድንጋይ ሥር አውጥቼ ወደ ቤት ይዤ ወርጃለሁ። ዓርማው ሰማያዊው ብቻ ነበር የቀረው። ያቆሙት ልጆች በጣም ወደውት እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

በዚያ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ 12 ሰዓት የሚወርድ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን የማታውን ተሰልፈን ጠብቀን የለም? የሚያወርደው ሰው ከሌለ መስቀል የለበትም።

ዝናብና መብረቅ ቢመጣ?

ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የእኛ አገር ዝናብ ክረምት ብቻ አይደለም፤ በልግም አለ። የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ከሰዓት ሊያጉረመርም ይችላል። ስለዚህ ጫፍ ላይ እስከ 5 ሰዓት ድረስ ደርሶ፣ ከ7 ሰዓት በፊት መውረድ መጀመር ነው።

ብልጭታ አይታችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ከሰማችሁት ከአሥር ኪሎ ሜትር በታች ቀርቧል፤ ውረዱ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ጫፍ አትመለሱ። ባዶ ጫፍ ላይ ረጅሙ ነገር ዘንጉ ነው፤ ዘንጉን የያዘው ደግሞ እናንተ ናችሁ። ቀርከሃም ቢሆን ሲረጥብ አይታመንም። ብቸኛ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ።

«ሰንደቁን ጥለን እንሂድ?» ላላችሁኝ፦ ጊዜ ካለ ጠቅልሉት። ከሌለ ዘንጉን አጋድማችሁት ሂዱ፣ ሲያባራ ተመልሳችሁ አንሱት። ሕይወት ይቀድማል። ይህንን አደረጋችሁ ብሎ የሚወቅሳችሁ የለም።

ስለ ብርዱም አንድ ቃል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር ትንሽ በላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፣ ጦሳ ከሷም በላይ። ከኮምቦልቻ በቲሸርት የመጣ ልጅ ጫፍ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሰንደቁን ይደርባል። ጃኬት ያዙ።

ትከሻ ላይ ጣል ማድረግስ?

ብዙ አትሌቶቻችን ውድድር ሲያሸንፉ ያደርጉታል፤ ስናይም እንባችን ይመጣል። ለአፍታ፣ ለደስታ፣ እሺ። ቀኑን ሙሉ ላብ እየጠረጉበት፣ ከዝናብ እየተከለሉበት፣ ሲደክም እየተቀመጡበት ግን አይሆንም። ምሳም አይቀርብበትም። አንዴ ቆሎ ተዘርግቶበት አይቼ ሳላስበው ጮኼአለሁ። ልጆቹ ደነገጡ። ቀስ ብዬ መናገር እችል ነበር።

ስማችንን ወይም ቀኑን ብንጽፍበት?

ሕጉም ይከለክላል፣ እኔም አልወደውም። ለማስታወሻ ሌላ ነጭ ጨርቅ ያዙ፣ እሱ ላይ ሁላችሁም ፈርሙ።

መሬት ቢነካ ምን እናድርግ?

አንሱት፣ አራግፉት። አለቀ። ተንሸራቶ የወደቀውን ልጅ መጀመሪያ አንሱ፣ ከዚያ ሰንደቁን። በዚህ ነገር ሰው ላይ የሚጮኹ አሉ። ወድቆ የነካና ተጥሎ የነካ አንድ አይደለም።

ለፎቶ ምን ልብ እንበል?

አረንጓዴው ከላይ መሆኑን። የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ድካም ላይ ተገልብጦ የተነሳ ፎቶ ስንት ነው! ዘንጉ ላይ ስታስሩ አንድ ሰው «አረንጓዴ ከላይ» ብሎ ጮክ ብሎ ይናገር።

ፀሐይ ከኋላው ስትሆን ያበራል፤ ቀለሙ በደንብ የሚወጣው ግን ከጎን ሲያገኘው ነው። ፊታችሁን በሱ አትሸፍኑ። ፎቶ ለማሳመር ወደ ገደል ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አትሂዱ። የእረኛ ልጆች አብረው መነሳት ከፈለጉ ያዙት በሏቸው፤ ሳያስፈቅዱ ግን የልጆችን ፎቶ አትለጥፉ።

መዝሙር እንዘምር?

ከዘመራችሁ ቆማችሁ፣ ኮፍያ አውልቃችሁ፣ ሳታቋርጡ። መጀመሪያ ግን ትንፋሻችሁ ይመለስ። አምስት ደቂቃ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። ግማሹ ዘምሮ ግማሹ ሲያስል ደስ አይልም።

ጓደኛችን አርፏል። ጫፍ ላይ ዝቅ አድርገን እናውለብልብለት?

ዝቅ ብሎ የሚውለበለበው ብሔራዊ ሐዘን ሲታወጅ ነው። በራሳችን አናደርገውም። ባለፈው እንዲህ ያለ ሐዘን ሲገጥመን ሰንደቁን እንደ ወትሮው ቀጥ አድርገን ይዘን ስሙን ጠርተን፣ ዝም ብለን ቆምን። በቂ ነበር። በቂ ብቻም አይደለም።

እንዴት ነው የሚታጠፈው?

ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ የዘንጉን ወገን፣ ሌላው ነፃውን ጫፍ ይይዛል፤ ጨርቁ በመሐላቸው ወገብ ቁመት ላይ ይወጠራል። መጀመሪያ ቀዩ ቢጫው ላይ ይታጠፋል። ቀጥሎ አረንጓዴው ከላይ ይመለስበታል። አሁን ከላይ የሚታየው አረንጓዴ ብቻ ነው፣ ዓርማው ከሥሩ ተጠብቋል። አረንጓዴውን ወደ ውጭ አድርጎ ከነፃው ጫፍ ጀምሮ ወደ ዘንጉ ወገን ቀስ እያሉ መጠቅለል ነው። ከረጠበ አይጠቀለልም፤ ላላ አድርጋችሁ ያዙት፣ ቤት ስትደርሱ ዘርጉት።

ይህን የተማርኩት ጦሳ ላይ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ስንወርድ ነበር። ንፋስ ነበር፣ ቸኩለናል። ሰንደቁን ሣሩ ላይ ጣል አድርጌ በጉልበቴ ይዤ እንደ ፎጣ ልጠቀልለው ስል አንድ አባት ከበጎቻቸው በኩል መጡ። ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል። «ቆይ ልጄ» አሉኝ። ዱላቸውን ድንጋይ ላይ አስደገፉ። መዳፋቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ ጠረጉ፣ ፊትና ኋላውን፣ ለምግብ እንደሚቀርብ ሰው። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንዱን ጫፍ በሁለት እጃቸው አነሱ። «ያዝ» አሉኝ። ያዝኩ። ምንም አላወሩም። ሲጨርሱ አቧራውን በጣታቸው ጫፍ እፍ፣ እፍ አድርገው አራገፉና ጥቅሉን ደረቴ ላይ አስደገፉልኝ። «አብሽር፣ በሰላም ግቡ» ብለው ወደ በጎቻቸው ተመለሱ።

ስማቸውን አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ግን ከማጠፌ በፊት እጄን እጠርጋለሁ፣ አብሮኝ የሚይዘውንም «እጅህን» እለዋለሁ።

ማጠብ ይቻላል?

ይቻላል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ በእጅ። በረኪና አታስነኩት። አትጭመቁት፣ ውሃው ራሱ ይውረድ። ጥላ ላይ ይሰጣ፤ የደሴ ፀሐይ ትንሽ ብትመስልም ቀለም ትበላለች። ካውያ ካስፈለገ በጣም ለብ ያለ፣ ከላዩ ጨርቅ ተደርጎ። ፖሊስተር ይቀልጣል።

ያረጀውንስ?

የተቀደደ ወይም ቀለሙ የለቀቀ ሰንደቅ ዓላማ አይውለበለብም። ትንሽ ከተተለተለ ጫፉን አሰፉት። ግን እየቆረጡ ማሳጠር አይሆንም፤ 1 ለ2 መሆኑ ይቀራል፣ ዓርማውም ከመሐል ይወጣል። ከዚያ ያለፈውን ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፣ የመኪና መጥረጊያም አይሁን።

የእኔ አሁን ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ሐረጎ ላይ፣ ገና አዋቂ ሳልሆን፣ በመስኮት እያውለበለብኩ በንፋስ ያጣሁት ነው። ሁለተኛው እኚያ አባት ያጠፉልኝ ነው። ቀለሙ ስለሄደ አላወጣውም። ቁም ሣጥኔ ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል፣ አረንጓዴው ከውጭ ሆኖ።